ያልተቋረጠው መስመር

ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ናይሮቢ ውስጥ የሳውዝ ሲ ሰፈር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ቴክኒሻኑ ቶሎሳ የተገደለባት ክፍል ግን እንደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ትበርዳለች። ሰርቨር ሙቀት አይወድም አሉኝ። ሰውየው በሁለት የብረት ቁም ሳጥኖች መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። ከኋላ አናቱን የመታው የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር እግሩ ሥር ወድቋል፤ አሻራ እንዳይገኝበት ተጠርጓል። ከግድግዳው ቱቦ ወጥተው ወደ ማሽኖቹ የሚገቡት ሁለት ጥቁር ኬብሎችም ተቆርጠዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ጎድሏል።

ማሽኖቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። አይቻቸዋለሁ። ግን ምንም አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ንጹሕ ሰው ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ አያሳልፍም ነበር።

«ኬሲ ኢሜኢሻ» አለኝ አለቃዬ ኪማኒ። ጉዳዩ አለቀ ማለቱ ነው።

ኪማኒ ነገር ሲቀልለት ደስ ይለዋል። ሕንፃው አንድ የግቢ በር ብቻ ነው ያለው፤ የዘበኛው መዝገብ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከውጭ የገባ ሰው የለም ይላል። ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ጴንጤዎች የጾም ጸሎት ላይ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። የሚቀረው ዘበኛው ነው። ሙሉዓለም ይባላል፤ ሃምሳ ያለፈው ስደተኛ ነው። ሰባት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሬሳውን አገኘ፤ ለድርጅቱ ባለቤት ደወለ፤ ከዚያ ፖሊስ ሳይመጣ ሹልክ ብሎ ወጣ። ወደ ካሳራኒ ሰፈር የሚሄድ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ላይ ሊሳፈር ሲል እጅጌው ላይ ደም ይዞ አገኘነው። የተቆረጡት ኬብሎች ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ ተጥለው ነበር።

«መዳብ ሊሸጥ ገባ፣ ሰውየው ደረሰበት፣ መታው» አለ ኪማኒ። «ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። አንቺ ቋንቋቸውን ስለምትችዪ ወረቀቱን አስተካክዪ።»

ቋንቋቸውን እችላለሁ። ስሜ ጦይባ ነው፤ ሞያሌ በኬንያ በኩል ተወልጄ ትምህርቴን ከድንበሩ ማዶ ነው የተማርኩት። ኪማኒ አማርኛ የሚናገር ሬሳ በተገኘ ቁጥር ይጠራኛል። እዚህ ያለው የኢትዮጵያ ስደተኛ ደግሞ በአማርኛ ሰላም ስለው ከኬንያውያኑ ፖሊሶች የበለጠ ይጠላኛል። አልፈርድባቸውም። እኔም አልወዳቸውም፤ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ነው።

*

ሙሉዓለም ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ስገባ ፊቱን አዞረ።

መብቱ ነው። ማታቱው ላይ ስይዘው በአማርኛ «አይዞህ አባቴ፣ ንገረኝ» አልኩት። አገሩን የሰማ መስሎት እንባው ወረደ፤ ሁሉንም ነገረኝ። ለምሳ ሊጠራው ወደ ላይ መውጣቱን፣ ቶሎሳን አገላብጦ ትንፋሹን መስማቱን፣ የመታወቂያው ጊዜ ስላለፈ ፈርቶ መሮጡን። እኔ ደግሞ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ጻፍኩትና አስፈረምኩት። ኪማኒ ወረቀቱን ሲያነብ የታየው ነገር ሌላ ነው፤ «ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰውየውን ነክቻለሁ፣ ሮጫለሁ።»

«ሬሳውን ከማግኘትህ በፊት ወደ ላይ ወጥተህ ነበር?» አልኩት።

ይባስ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ኬብሎቹን ከቤትህ ጀርባ ማን ጣላቸው?»

«አንቺ ነሻ! ቃሌን ወስደሽ የምትፈልጊውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ኬብሉንም አንቺው ጻፊው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ከተከሰስኩ ድንበር ያሻግሩኛል። ማዶ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። አንቺ የሞያሌ ሰው ነሽ፤ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ካላገኘሁ እኔው በእጄ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው።

*

የድርጅቱ ባለቤት ዘካርያስ ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቢሮው ተቀበለኝ። ስድሳን የተጠጋ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። አዳራሹንም ለምእመናን የሰጠው እሱ ነው።

«ተባረኪ እህቴ፣ ተቀመጪ» አለኝ። የሚጠላኝ ሰው እንዲህ ሲያስቀምጠኝ ወንበሩ ይቆረቁረኛል።

«እዚህ ላይ ምንድን ነው የሚሠራው፣ ጋሽ ዘካርያስ?»

«የሰው አደራ ነው። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው፣ ግን በእያንዳንዳቸው ውስጥ ብዙ ሰርቨር አለ። የኢስትሊው ክሊኒክ መዝገብ እዚህ ነው። ትምህርት ቤት አለ፤ የሞያሌ አውቶቡስ ትኬት አለ። ሁሉም ለየብቻው ማሽን ያለው ይመስለዋል።»

«ኬብሉ ሲቆረጥስ?»

«ሁሉም አብረው ይጨልማሉ።» አንገቱን ደፋ። «ደንበኞቼን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ሥራችን የሰው ሕይወት ነው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጸሎቱን ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ዘጋሁ። አርባ ሰው ጠይቂ።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «እህቴ፣ ሙሉዓለም ክፉ ሰው አይደለም። ችግር ነው ያሳሳተው። ቅጣቱን አቅልሉለት።»

እኔ ገና ያልከሰስኩትን ሰው እሱ ፈርዶበት ቅጣቱን ያቀልለታል! ልቤ ሻከረ። ግን መሻከር ማስረጃ አይደለም።

«ቶሎሳ ጠላት ነበረው?»

«ከቶሚ ጋር አይስማሙም ነበር። ሁለቱም የኔ ቴክኒሻኖች ናቸው። ቶሚ ናይሮቢ ያደገ ልጅ ነው፣ አፉን አይገዛም። ትናንትም ሲጨቃጨቁ ነበር ይባላል።»

*

የቶሎሳ ሚስት ሩሐማ ቤት እዚያው ሳውዝ ሲ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። የተቀመጡት ሴቶች ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ በጎረቤቷ ጆሮ «ይቺ ናት» ስትል ሰማኋት።

ሩሐማ አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቋል።

«ጸሎት ላይ ነበርሽ?»

«የስልክ ቅርጫቱ ላይ ነበርኩ። በጾም ጸሎት ቀን ስልክ ይዞ መግባት የለም። ሁሉም አጥፍቶ በሩ ላይ ቅርጫት ውስጥ ይከታል፤ ሲያልቅ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ።»

«መሃል ላይ ስልኩን የወሰደ አለ?»

«የለም። ቅርጫቱን እግሬ ሥር አድርጌ ነው የተቀመጥኩት።»

«ከአዳራሹ የወጣ ሰውስ?»

«እሱን አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁሉም ጨፍኖ ነው። ኪቦርዱ ይጮኻል፤ የሚጸልየው ይጮኻል፤ የሚመላለሰው ይመላለሳል። እናንተስ ስትጸልዩ ሰው ትቆጥራላችሁ?»

አርባ ምስክር አለ ያለው ኪማኒ ይህን ቢሰማ ደስ ባለኝ። ከመድረኩ ጀርባ ወደ ፎቅ የሚያስወጣ ደረጃ አለ፤ በግቢው በር ማለፍ አያስፈልግም። አርባ ሰው ነበር፤ አንድም የተገለጠ ዓይን ግን አልነበረም። ስለዚህ ዘበኛው ብቻ ቀረ የሚለው ስሌት ፈረሰ። ይህ ግን ሙሉዓለምን አያስፈታውም፤ የሚጠረጠረውን ሰው ቁጥር ወደ አርባ አንድ ከፍ አደረገው እንጂ።

«ከቶሚ ጋር ተጣልቶ ነበር?» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። «ዓርብ ማታ በስልክ ይጮህበት ነበር። ‹ነገ ይለያል፣ ከፈራህ አትምጣ› አለው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሰኞ ትሰሚዋለሽ አለኝ።»

«ሰኞ ምን ነበር?»

«ኢስትሊ ክሊኒኩ ሊሄድ ነበር። ከአንድ ወር ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።» ፊቷን መለሰች። «አሁን ሂጂልኝ። የምትፈልጊውን ሰው አስራችሁታል።»

ከውጭ ሆኜ ቶሚ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ አልኩት። «ካሳራኒ። ተኝቼ። ዌክኤንድ ነው እኮ ማዳም» አለና ዘጋው። የስልኩ ቦታ እንዲጣራ አዘዝኩ። መልሱ እሑድ ጠዋት መጣ፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የቶሚ ስልክ ሳውዝ ሲ ነበር።

ልጁን አገኘሁት ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

*

ወደ ካሳራኒ ከመሄዴ በፊት ኢስትሊ ክሊኒኩ ገባሁ፤ ቶሎሳ ሰኞ ምን ሊል እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ መስቱራ ትባላለች፤ እሑድም ትሠራለች። የፖሊስ መታወቂያዬን ሳሳያት ወንበር እንኳ አልጋበዘችኝም።

«ያ ድርጅት ከሆነ ያመጣሽ፣ ወላሂ ስሙን አትጥሪብኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ባለፈው ወር የመንገድ ሠራተኞች ቆፍረው ኬብላቸውን በጠሱት። አምስት ሰዓት ሙሉ የአንድም በሽተኛ መዝገብ ማየት አልቻልንም። ምጥ የያዛት ሴት መጣች። መርፌው እንደማይስማማት ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ ካርዱ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ጨልሟል። ወጓት። ሕፃኑ ተረፈ።» እናትየዋ ምን እንደሆነች ግን አልጨረሰችልኝም። «ሁለት መስመር በሁለት መንገድ አለን ብለው ፈርመውልን ነበር። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይይዛል ተብለን ነበር። ዘካርያስን ስንጠይቀው ሁለቱም በአንድ ቀን ተበጠሱ፣ የመንገድ ሥራ ጥፋት ነው አለን።»

«ቶሎሳስ?»

«ሰኞ ጠዋት መጥቶ አንድ ነገር እንደሚነግረኝ ቀጠሮ ይዞ ነበር። አሁን ግን አይመጣም፤ ገድላችሁታል።»

«እኛ አልገደልነውም።»

«እናንተ ያላችሁበት አገር ነው የሞተው።»

ለመውጣት ስነሣ ስልኳን ዴስኩ ላይ ወረወረችው። «ትናንት ደግሞ ይቅርታ ብለው ጽፈውልናል! ለሴትየዋ ቤተሰብ አንዲት ቃል ሳይጽፉ፣ ላልጠፋ ኔትወርክ ይቅርታ። እየቀለዱብን ነው?»

«ላልጠፋ?»

«ትናንት ምን ጠፋ? ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። አንዲት ደቂቃ አልተቋረጠም።»

መልእክቱን አነበብኩት። «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለደረሰው የኔትወርክ መቋረጥ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ፎቶ አነሣሁት። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እነዚያ አረንጓዴ መብራቶች ናቸው። ኬብሉ ተቆርጦ ማሽኑ ከማን ጋር ነበር የሚያወራው?

*

ቶሚ ካሳራኒ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ነው የሚኖረው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በሩን ግማሽ ከፍቶ ቆመ።

«የፍርድ ቤት ዋራንት አለሽ?»

«የለኝም። ግን ትናንት ተኝቼ ነበር ያልክበት ሰዓት ስልክህ ሳውዝ ሲ ነበር። በሩን ክፈት ወይም ጣቢያ እንጨርሰው።»

ከፈተ። ፊቱ አብጧል፤ አልቅሶ ነው ያደረው።

«እኔ አልገደልኩትም።»

«ዓርብ ዕለት ‹ነገ ይለያል› ብሎህ ነበር።»

«ለሙከራው ነው እኮ! ኦ ማይ ጋድ...» ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። «ሊስን። ጋሽ ዛክ ሁለት ኬብል አለን ይላል። እውነት ነው፣ ሁለት ነው። ግን ሁለቱም በአንድ ቱቦ ነው የሚገቡት፣ አንድ ስዊች ላይ፣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ነው የሚሰኩት። ቱቦው ሲቆፈር ሁለቱም ይሄዳሉ። ስዊቹ ሲቃጠል ሁለቱም ይሄዳሉ። ያ ሁለት መንገድ አይደለም፤ አንድ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ማስኬድ ነው። ያቺ ሴትዮ ከሞተች በኋላ ቶሎሳ መተኛት አቃተው።»

«ለዘካርያስ ነገረው?»

«ሦስቴ። ‹እኔ ሳልፈቅድ አንዲት ሽቦ እንዳትነኩ› አለን። ሌላ መስመር ከዘረጋ የበፊቱ ውሸት እንደነበር ማመኑ ነዋ። ሶ ቶሎሳ ራሱ ዘረጋው። ጣሪያው ላይ ትንሽ ዲሽ ሰቀለ፤ ጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሌላ ዲሽ። ከዚያ በሌላ ድርጅት ፋይበር ኬብል ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ በሌላ ስዊች፣ በሌላ ሶኬት። ዓርብ ጨረስን። ቅዳሜ ሁሉም ጸሎት ላይ ሲሆን ልንሞክረው ነበር፤ እሱ ከውስጥ ኬብሉን ይነቅላል፣ እኔ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆኜ አያለሁ። እኔ ፈርቼ ነበር። ጋሽ ዛክ ቢያውቅ ያባርረኛል።»

«ስለዚህ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነበርክ።»

«የዚያ ሕንፃ ኬርቴከር፣ ጠባቂው፣ አብሮኝ ነበር፤ መሰላሉን የያዘው እሱ ነው። ጠይቂው።» ስልኩን አውጥቶ ዘረጋልኝ። «አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ትራፊኩ፣ ዳታው ሁሉ ዘሎ ወደኛ መስመር መጣ። አንድም ሰርቨር አልወደቀም። ቶሎሳ ኬብሉን ነቀለ ብዬ ጮህኩ። ጻፍኩለት። ሳይመልስ ሲቀር ሥራ ይዞታል ብዬ ስድስት ሰዓት ላይ ሄድኩ።»

ስክሪኑ ላይ «ብሮ ሠርቷል!!!» ይላል። አራት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት። አልተነበበም።

«ለካ የነቀለው እሱ አልነበረም» አለ ቶሚ።

ስልኩን መለስኩለት።

«ዘበኛው መታሰሩን ሰምተሃል። ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ላንቺ? ሙሉዓለም ነገረሽ አይደል? ለፖሊስ የተናገረ ሰው ምን እንደሚሆን እሱ ላይ አየሁ።»

ጥፊ ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ኬርቴከሩ ደወልኩ፤ ቶሚ ከእሱ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት ጣሪያ ላይ እንደነበር ማለ።

«ስለ አዲሱ መስመር ከእናንተ ሌላ ያወቀ አለ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ልበስ። ለቅሶ ቤት እንሄዳለን።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሩሐማ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። ዘካርያስ ከሩሐማ ጎን ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። እኔና ሁለት ፖሊሶች ስንገባ መዝሙሩ ተቋረጠ። ከኋላ አንድ ሰው «ለቅሶ ላይ እንኳ አይተዉንም» አለ።

«ይቅርታ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጋሽ ዘካርያስን አንድ ጥያቄ ጠይቄ እሄዳለሁ። ትናንት ደንበኞችዎን ይቅርታ የጠየቁት ለምንድን ነው?»

ቀና አለ። «ኔትወርኩ ስለተቋረጠ ነዋ እህቴ። ይህን እዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም?»

«መቋረጡን ማን ነገረዎት?»

«ደንበኞቼ። ከጸሎት ስወጣ ስልኬ በመልእክት ሞልቶ ነበር።»

«አንዱን ያሳዩኝ።»

ስልኩን አወጣ። ጣቱ ሲወርድ ሲወርድ አየሁት። የሠርግ ጥሪ፣ የእንኳን አደራችሁ ምስል፣ የእቁብ ማስታወሻ፤ ኔትወርክ ጠፋ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እነዚያን መልእክቶች በትክክል ያያቸው ገና አሁን ነው። ትናንት ከቅርጫቱ ስልኩን ተቀብሎ ሲከፍት ብዛታቸውን ብቻ አየ፤ እሮሮ መስሎት ሳያነብ ይቅርታውን አስቀደመ። አራት ሰዓት ሙሉ ስልክ ሳይዝ ጸሎት ቤት የዋለ ሰው ውጭ ምን እንደሆነ ማወቂያ የለውም።

«ሙሉዓለም ደውሎ ነገረኝ» አለ ድንገት።

«ሙሉዓለም የደወለልዎ ሰባት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ነው፤ ስልኩ ላይ አለ። የእርስዎ ይቅርታ የተላከው ሰባት ሰዓት ከሦስት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሬሳውም ገና አልተገኘም ነበር፤ የተቆረጠ ኬብል ያየም የለም።»

«ቶሚ... ቶሚ ነግሮኝ ይሆናል።»

«እኔ?» አለ ቶሚ ከድንኳኑ ጫፍ። «እኔ መች ደወልኩልህ ጋሽ ዛክ?»

«ኔትወርኩ አልተቋረጠም ጋሽ ዘካርያስ» አልኩት። «አንዲት ሰከንድ አልተቋረጠም። ቶሎሳ ዓርብ ዕለት እርስዎ የከለከሉትን ሌላ መስመር ዘርግቶ ጨርሶ ነበር። እርስዎ የሚያውቋቸው ሁለቱ ኬብሎች አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ሲቆረጡ ያ መስመር ሁሉንም ተቀበለ። ክሊኒኩ አላወቀም፤ ትምህርት ቤቱ አላወቀም። በዚያ ሰዓት ኔትወርክ ጠፍቷል ብሎ የሚያምን በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኬብሉን የቆረጠው። ሰዓቱን የጻፉት ደግሞ ሲቆረጥ ጸሎት ላይ እንደነበሩ መልእክቱ እንዲመሰክርልዎ ነው።»

ሩሐማ ቀስ ብላ ከጎኑ ተነሣች።

«ስልክህን ከቅርጫት አውጥቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «እዚያው ቆመህ መጻፍ ጀመርክ። ምነው ስልህ የደንበኞች ነገር ነው አልከኝ። ጌታ ይርዳህ አልኩህ። ባሌን ገድለህ መጥተህ ጌታ ይርዳህ አልኩህ።»

«ልገድለው አልወጣሁም» አለ ዘካርያስ። አሁን የሚያየው እሷን ብቻ ነው። «ሰኞን እንዲተወው ልለምነው ነበር። ያቺ ሴት በእኔ ምክንያት ሞተች እንዲባል ፈልጎ ነበር። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሁሉንም! ጀርባውን ሰጠኝ። ልመናዬን ትቶ ሽቦውን መነካካት ቀጠለ። ያኔ...»

«በአንተ ምክንያት ነዋ የሞተችው» አለች ሩሐማ። «እሱም በአንተ ምክንያት ነው የሞተው። ሙሉዓለምንም ልታስገድለው ነበር።»

ካቴና ሳስገባለት ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ማንም ግን ወደ እኔ በመልካም አላየም። ማምሻውን አዳራሹን ስንፈትሽ የኬብል መቁረጫው ከመድረኩ ትልቅ ስፒከር ጀርባ ተሸጉጦ ተገኘ፤ መያዣው ላይ ደም ነበር። በደረጃው ወርዶ ዓይን ሁሉ እንደተጨፈነ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ኬብሎቹን በፎቁ መስኮት ወደ ዘበኛ ቤቱ ጀርባ ወርውሯቸዋል። ውስጣቸው ደግሞ መዳብ ሳይሆን የፋይበር መስታወት ነው። ለቁራሌው ቢሰጡት እንኳ አይቀበለውም።

*

ሙሉዓለምን ለማስፈታት የወሰደብኝ ከኪማኒ ጋር አንድ ሰዓት መጨቃጨቅ ነው። «የመታወቂያው ጊዜ አልፏልኮ» አለኝ፤ ቢያንስ ለዚያ እንያዘው ማለቱ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያስፈረምኩት እኔ መሆኔን፣ አምኖ የነገረኝን ቃል መክሰሻ ያደረግኩትም እኔ መሆኔን ጽፌ በስሜ ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ቁልፉን ወረወረልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አማርኛ የሚናገር ሬሳ ሲገኝ እንኳ ጠርቶኝ አያውቅም።

በሩን ራሴ ከፈትኩ። ሙሉዓለም የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ቶሎሳን የገደለው ዘካርያስ ነው» አልኩት። «አምኗል። ነፃ ነህ፤ ክስ የለብህም። መታወቂያህም ይኸው።»

መታወቂያውን ተቀበለ። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ይቅርታ አድርግልኝ አባቴ» አልኩት። «ያን ቀን አይዞህ ማለት አልነበረብኝም። ወይም ካልኩ በኋላ...»

ሰውየው ናይሮቢ አራት ዓመት ቢኖርም ስዋሂሊ በቅጡ አይችልም። ለማታቱ ሂሳብና ለግቢው እንግዳ የሚበቃ ጥቂት ቃል ብቻ ነው ያለው። ቀና ብሎ ዓይኔን እያየ ከእነዚያ ቃላት ውስጥ ሁለቱን ፈልጎ አወጣ።

«ሲኤሌዊ፣ አፋንዴ» አለኝ። አልገባኝም፣ ፖሊስ።

ከዚያ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። እስከ ማታቱ ማቆሚያው ድረስ በመስኮት ተከተልኩት። አንድ ጊዜም አልዞረም። መኪናዋ ሞልታ ስትሄድ እኔ ገና እዚያው ቆሜ ነበር፤ የእስር ክፍሉ ቁልፍ በእጄ ነበር።